የጋሼ ብርዱ ሠ

ቅዳሜ፣ ለበዓሉ 29 ቀን

ይህ አጀንዳ ከማተሚያ ቤታችን የተጣለ ነው። የመጪው ዓመት አጀንዳ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ በካርቶን ከታሸገ በኋላ ነው አንዱ ሳምንት ሁለት ረቡዕ እንዳለውና ሐሙስ እንደሌለው የታወቀው። እርማቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ታርሟል፣ ይታተም» ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አራሚ ሆኜ ስሠራ ነጠብጣብ አምልጦኝ ያውቃል፤ ሐሙስን የሚያህል ነገር ግን አምልጦኝ አያውቅም። ፊደል ለቃሚው (ዛሬ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፣ የድሮው ስሙ ግን አልለቀቀውም) «እህቴ፣ ሐሙስ ምን በደለሽ?» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሁሉም ሣቁ፤ እኔም አብሬ ሣቅሁ። ወደ ቤት ስመጣ አንዱን ቅጂ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀኖቹን እየሰረዝኩ እጽፍበታለሁ።

ነገ የጋሼ ብርዱ የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። እንዳልረሳ፦ መጻፍ። በግራ እጅ። ቆርቆሮው ውስጥ መክተት። መስኮቱን ጣት ያህል ከፍቶ መተው።

ጋሼ ብርዱን የፈጠረው ባለቤቴ ነው። ትልቋ ልጃችን የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ቀን ነፋስ በመስኮቱ ገብቶ መጋረጃውን ሲያራግበው «ማነው ሳያንኳኳ የሚገባው?» አለች። «ጋሼ ብርዱ ነዋ!» አላት። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀጭን፣ አፍንጫው የማይደርቅ፣ ሙቅ ቤት ውስጥ መቀመጥ የማይችል ሽማግሌ ቤተሰባችን ላይ ተጨመረ። ከበዓሉ በፊት ባሉት አራት እሑዶች መስኮቱ ሥር ባለችው የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ደብዳቤ ይተዋል፤ የበዓሉ ዕለት ስጦታ። ደብዳቤው የአባትየው ሥራ ነበር፣ ስጦታው የእኔ።

ዘንድሮ ሁለቱም እኔ ላይ ወድቀዋል። ልጆቹ አባታቸው መስክ እንደወጣ ነው የሚያውቁት። ቀያሽ ስለሆነ መስክ መውጣቱ አይገርማቸውም። ሦስት ወር ረዘመ እንጂ። እነግራቸዋለሁ፤ ከበዓሉ በኋላ። አሁን በዓላቸውን ለምን አበላሻለሁ?

«ባለቤቴ» ብዬ ጻፍኩ። ከቤቱ ወጥቶም ባለቤት ይባላል? አራሚ ሆኜ ይህን ቃል በምን እንደምተካው አላውቅም።

እሑድ፣ 28 ቀን

ምን ዓይነት ጉድ ነው!

ትናንት ልጆቹን አስተኝቼ «እስቲ አንድ አፍታ ጎኔን ላሳርፍ» ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። የነቃሁት በትንሹ ልጄ ጩኸት ነው። «መጥቷል! ጋሼ ብርዱ መጥቷል!» ደብዳቤ የለም እኮ! አልጻፍኩም! ቆርቆሮዋን ቀድሜ ልነጥቀው ጫማዬን እንዳደረግሁ ስሮጥ፣ ትልቋ ልጄ ዳኛዬ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ለወንድሟ ታነብለታለች።

«ሠላም ልጆች። ዘንድሮ ከሠማይ ሥወርድ ጉልበቴን አሞኛል። ካልሲ ሣያደርጉ የሚተኙ ሠዎች እዚህ ቤት እንዳሉ ሠምቻለሁ። ሥም አልጠራም።»

ሚጢጢ ባዶ እግሩን ብርድ ልብስ ውስጥ ደበቀ። (ሚጢጢ አምስት ዓመቱ ነው። ትልቋ ዘጠኝ ናት፤ የቤቱን ጠብ ሁሉ የምትዳኘው እሷ ስለሆነች ዳኛዬ ነው የምንላት።)

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። በግራ እጅ የተጻፈ፣ እንደ ሁልጊዜው መስመሩን የሳተ። ግን ዓይኔ የቀረው ፊደሉ ላይ ነው። ሠላም፣ ሠማይ፣ ሠው፣ በንጉሡ ሠ! ይህን በዓለም ላይ የሚያደርግ አንድ ሰው ነው የማውቀው። ገና ሳንጋባ በጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ «ሠላም» የምትለውን ቃል በቀይ አርሜ መለስኩለት። እሱም «ሠን ብትገለብጪው የመቀየሻዬን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይመስላል፤ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የምተክለው እሱን ነው፤ ቃልም ስጀምር እንደዚያው» አለኝ። ተጋባን፣ ወለድን፣ ተጣላን፤ ይህቺን ሠ ግን አልለቀቀም።

ቁልፉን አልመለሰልኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ገብቶ ነበር ማለት ነው? እኔ ተኝቼ? በሶፋው በኩል አልፎ? ፀጉሬ እንዴት ሆኖ ይሆን?

ሰኞ፣ 27 ቀን

የግድግዳ ካሌንደር እርማት ሲጎርፍ ዋለ። ዛሬ ሁሉንም ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ሐሙሶቹ አሉ።

ልደውልለት ወይስ አልደውል። «እኔ እስክደውል እንዳትደውልልኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን ጠብቋል። ሰው እንዲህ ቃሉን ይጠብቃል? ትንሽ እንኳን አያጠፋም?

ማክሰኞ፣ 26 ቀን፣ የምሳ ሰዓት

ፊደል ለቃሚውን እንደ ዋዛ ጠየቅሁት። «ሰው በአጻጻፉ ይታወቃል?»

«እኔ ገጹን በሩቁ አይቼ የማን እንደሆነ እነግርሻለሁ» አለ። «አንዱ ሐመሩን ሐ ይወዳል፣ አንዱ ፀሐዩን ፀ ያበዛል።»

«ታዲያ ሊሳሳት አይችልም።»

«ማን ነው የማይሳሳተው? ሰው ከሰው ይቀዳል እኮ። የእኔ ልጅ ፊርማዬን ከእኔ አሳምራ ነው የምትፈርመው። ከትምህርት ቤት የተላከልኝን ስንት ወረቀት ፈርማ መልሳለች መሰለሽ?»

እሱ ወሬውን ሁሉ ወደ ልጁ ነው የሚወስደው። ለማንኛውም አይሳሳትም ብሏል።

ዓርብ፣ 23 ቀን

ልጆቹ ከትምህርት ቤት መልስ የሚውሉት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጋ ነው፤ ዓርብ ዓርብ የአባታቸው ስልክ የሚመጣውም በእሷ ነው። እኔ ከሥራ እስክደርስ አውርተው ጨርሰዋል። ሚጢጢ እራት ላይ ሁሉን ዘከዘከው።

«አባባ ያለበት መስክ ፋብሪካ አለ።»

«እንዴት ዐወቅህ?»

«ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የእኛ ሰፈር ፋብሪካ ፊሽካ ነፋ አይደል? ስልኩ ውስጥም ነፋ። እኩል!»

ዳኛዬ ቀና ሳትል «ፊሽካ ሁሉ ቦታ አለ» አለችና ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማጠቢያው ወሰደች። ደግነቱ ልብ አላለችውም። አባታቸው ያለው ወንድሙ ቤት ነው፣ ከእኛ ሦስት ፌርማታ። ስልኩን ሌላ ሰዓት እንዲያደርገው መንገር አለብኝ። ግን ለመንገር መደወል አለብኝ።

ሌላ ጉዳይ። ሚጢጢ ሥዕል ሥሎ ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀመጠ። አንድ ረጅም ሰው፣ አንድ ባለ ሦስት እግር ነገር፣ አንድ አፍንጫው የሚንጠባጠብ ሽማግሌ እጁን ይዞ ሲጎትተው። ዳኛዬ እሱ እያላት ከሥሩ ጻፈችለት፦ «አባባን ከመስክ አምጣልኝ። ስጦታ ይቅርብኝ።»

ምን ይዋጠኝ።

እሑድ፣ 21 ቀን

ትናንት ደብዳቤ አልጻፍኩም። አውቄ ነው። ቆርቆሮዋን ባዶ ትቼ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ድረስ የሕፃን ፓውደር በስሱ ነሰነስኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የተከበረ ሥራ አለኝ፤ ወለል ላይ ፓውደር እነሰንሳለሁ።

ጠዋት ደብዳቤው አለ። ፓውደሩ ላይ ምንም የለም። አንድም ኮቴ! ይልቁንም ከትናንቱ ይበልጥ የተስተካከለ መሰለኝ። ጫማውን አውልቆ ይሆን? ጫማ ቢያወልቅስ እግር የለውም? በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄዶ ይሆናል። ቀያሽ አይደል፣ የት እንደሚረግጥ ያውቃል።

«ሠላም ሚጢጢ። ሥዕልህን አየሁት። አፍንጫዬን ትንሽ አብዝተኸዋል። ሠው ማምጣት ግን አልችልም። ብርድ ነው የምሸከመው። ሠው የሚመጣው በራሱ እግር ነው። ሥጦታህን አልተውም፣ እሱ ይመጣል። ከመሥኮቱ ሥር አትቀመጥ፣ ያስልሃል።»

ሚጢጢ አኮረፈ። ዳኛዬ «እሱ ምን ያድርግ፣ ዐቅሙ ያ ነው» ብላ አባበለችው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነው ያነበብኩት። «ሠው የሚመጣው በራሱ እግር ነው።» ይህ ለአምስት ዓመት ልጅ የሚጻፍ ነው? ለእኔ ነው የጻፈው። ልምጣ ወይ እያለኝ ነው። ወይስ አልመጣም ነው የሚለኝ? አምስት ጊዜ አነበብኩት። እንደ እርማት ከታች ወደ ላይም አነበብኩት። «መሥኮት» የሚለው ላይ ሠ መሐል መግባቷ ትንሽ ከነከነኝ፤ እሱ ቃል መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር የሚተክላት። ቸኩሎ ይሆናል።

ረቡዕ፣ 18 ቀን፣ አውቶቡስ ውስጥ

ቁምሳጥኑን አጸዳሁ። የእሱን በኩል ብቻ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። አቧራ ነበረው።

ዳኛዬ ትምህርት ላይ ታንቀላፋለች ብላ መምህሯ ላከችብኝ። እሑድ እሑድ ከሁላችንም ቀድማ ትነሳለች፣ እሱ ይሆናል። በጊዜ አስተኛታለሁ። ልጄን ልብ ካልኳት ሰነበትኩ።

ቅዳሜ፣ 15 ቀን

በቃ፣ ጻፍኩ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ በማተሚያ ቤቱ ወረቀት፣ በቀኝ እጄ። አራት ጊዜ ቀደድኩት። ይኸው የመጨረሻው፣ እንዳይጠፋብኝ እዚህ እገለብጠዋለሁ፦

«ጋሼ ብርዱ፣ ደብዳቤዎችህን አንብቤአለሁ። ማን እንደሆንክ ዐውቄአለሁ። ልጆቹ አሁንም መስክ ነው የሚሉት፤ መለያየታችንን አልነገርኳቸውም። ለእነሱ ብዬ ነው ስል ቆየሁ። ለእነሱ ብቻ አይደለም። በመስኮት መግባት ይቅርብህ፣ በበሩ ና። ከበዓሉ በፊት ና። ሠላም። (አየህ፣ በአንተ ሠ ጻፍኩልህ።)»

አጥፌ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከተትኩት፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላ። አፍሬአለሁ። ደስ ብሎኛልም። የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

እሑድ፣ 14 ቀን

ደብዳቤዬ የለም! ተወስዷል።

ለልጆቹ የተተወችው ግን አጭር ነች። «ሠላም ልጆች። ዛሬ ደክሞኛል። እርስ በርስ አትጣሉ።» ይኸው ነው። ለእኔ ምንም የለም። ሚጢጢ «ጋሼ ብርዱ አሞታል» ብሎ ሊያለቅስ ደረሰ።

ዳኛዬ ቁርሷን አልበላችም። ጉሮሮዬን ነው አለች። ግንባሯን ነካሁት፣ ትኩሳት የለውም። «ወደ እኔ ነይ» ብዬ ስስባት ተጠጋችኝ፣ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ምን ሆንሽ?» «ምንም።» «አባባ ናፈቀሽ?» «አንቺስ?» አለችኝ። የልጅ ጥያቄ! «ሁላችንም ይናፍቀናል» አልኳት። ጥሩ መልስ ነው። ሁሉንም ይሸፍናል።

እያሰበበት ነው። ዝም ያለው እያሰበበት ስለሆነ ነው።

ማክሰኞ፣ 12 ቀን

ደረጃው ላይ ስወጣ ሰፊዋ ከውስጥ ለደንበኛዋ ስታወራ ሰማሁ። «ልጅቷማ ሁሉን ታውቃለች፤ እናትየዋ ናት የዋህ።» ስለ የትኛዋ ልጅ እንደሆነ አልሰማሁም። ደንበኞቿ ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ልጅ አላቸው። በሩን ሳንኳኳ ግን ወሬዋን ቀጥ አደረገችና «እንዴት ዋልሽ የኔ እህት» አለችኝ፣ ከወትሮው በበለጠ ፍቅር።

ረቡዕ፣ 11 ቀን

እርማት ክፍል ውስጥ ነኝ። በሩን ቆልፌአለሁ።

ከቦርሳዬ የካሌንደሩን የመጨረሻ እርማት ሳወጣ ከመሐሉ አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። የደብተር ቅጠል። በግራ እጅ የተጻፈ።

«ሠላም። ደብዳቤሽ ደረሠኝ። ግን የተጻፈው ለእኔ አይመሥለኝም። እኔ ብርድ ብቻ ነኝ። ሠውየው መሥክ አይደለም፣ አጎት ቤት ነው። ጠይቄዋለሁ። የሚመለሥ አይመሥለኝም። አይዞሽ። ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ፣ አንቺ አትጨነቂ። አንቺ ሥራሽ ላይ ሐሙስ እንዳይጠፋብሽ።»

«የሚመለሥ አይመሥለኝም» የሚለው ተሰርዟል። በመስመር ብቻ አይደለም። በመስመሩ ጫፍ ላይ ወደ ላይ የምትዞር ትንሽ ቀለበት አለች፤ ከእሷ አግድም በኅዳጉ ላይ «አይመለሥም» ተብሎ ተተክቷል።

ያ ምልክት የእኔ ነው። «ይህ ይውጣ፣ ይህ ይግባ» ማለት ነው። ቤት ውስጥ እርማት ሳነብ አጠገቤ ተቀምጣ እርሳሴን የምትቀርጽልኝ አንድ ሰው ብቻ ናት።

ሠ ሁሉም ቦታ አለች። በመሐልም በመጨረሻም። የአባቷን ፊደል ወዳ አበዛችው። ለሐሙስ ብቻ ትክክለኛውን ሰጠችው።

ሊሆን አይችልም። ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳምንት ተኩል ሙሉ ምን እያየሁ ነበር? የሰው ሁሉ ነጠብጣብ እለቅማለሁ፣ እቤቴ ውስጥ ግን...

ደብዳቤዬን አንብባዋለች። ያንን ደብዳቤ። «ለእነሱ ብቻ አይደለም» የሚለውን።

የካሌንደሩ እርማት እየጠበቀኝ ነው። አንድ ፊደል አይታየኝም።

ረቡዕ፣ 10 ቀን (ሐሙስ ነው፤ ገጹ ነው ረቡዕ የሚለው)

ከሥራ ቀድሜ ወጣሁ። ሚጢጢን ከሰፊዋ ጋር ትቼ ዳኛዬን ይዣት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ ቤት ውስጥ ማውራት ስለከበደኝ። የደብተሩን ቅጠል ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።

«ምልክቱን ከማን ተማርሽ?»

«ተቆጣሽ?» አለችኝ።

«አልተቆጣሁም። ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«የጋሼ ብርዱን ነው የአባባን?»

«የሁለቱንም።»

«የጋሼ ብርዱን አምና ነው። የአባባን ደግሞ በፊሽካው። ሁልጊዜ እኩል ይነፋል እኮ። ሚጢጢ ነው ገና አሁን የሰማው። በኋላ ለብቻዬ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ። ለእማዬ እንዳትነግርብኝ ብዬ አስማልኩት።»

«ለምን?»

«ትደነግጫለሽ ብዬ ነዋ።»

እኔ እሷን እንዳላስደነግጥ ስጠነቀቅ፣ እሷ እኔን።

«የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለምን ጻፍሽ?»

«ተኝተሽ ነበር። ጫማሽን እንኳን አላወለቅሽም። ቆርቆሮዋን ሳያት ባዶ ናት። ሚጢጢ ሊነሳ ነው። የድሮዎቹን አውጥቼ እያየሁ ጻፍኩ።»

«ፓውደሩስ?»

«ጠረግሁት፣ ከዚያ ሌላ ነሰነስኩ። ብዙ ጨረስኩብሽ፣ ይቅርታ።»

ልሥቅ ነው ላለቅስ ነው፣ ነገሩ ዞረብኝ። ሁለቱም አብረው መጡ።

«እና አንድ ጊዜ ጽፈሽ ለምን አልተውሽም? ለምን አልነገርሽኝም?»

የደረጃውን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች። «ስታነቢው ፊትሽ እንዲህ ሆነ» አለችና ፊቷን አበራችው፣ እኔን ለማሳየት። አቤት፣ ያን ያህል ነበር? «ደስ አለሽ። እኔ ለሚጢጢ ነበር የጻፍኩት። ሚጢጢ ቀላል ነው፣ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። አንቺ ግን መልስ መጻፍ ጀመርሽ።»

ከዚያ አፍ አውጥታ አለቀሰች። ዐሥራ ስምንት ቀን ሙሉ የያዘችው መሰለኝ። ደረቴ ላይ ለጥፌ ያዝኳት። የሰፊዋ ጎረቤት በር ገርበብ ብሎ ተዘጋ።

«ከእንግዲህ አትጽፊም» አልኳት በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«ካልተኛሽ ነዋ» አለች አፍንጫዋን እየጠራረገች።

ዓርብ፣ 9 ቀን

ደወልኩለት። ከማተሚያ ቤቱ፣ ፊደል ለቃሚው ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ።

«ደወልሽ» አለኝ።

«ደወልኩ።»

ዳኛዬ የጻፈቻቸውን ደብዳቤዎች ነገርኩት። «እሷ ሠን ጠይቃኝ ነበር፤ የት የት እንደምትገባ» አለኝ። «ለትምህርት ቤት መስሎኝ ነው ያስረዳኋት።» ስለ ሌላው ደብዳቤ፣ ስለ እኔው፣ አልነገርኩትም። ግን «ትመለሳለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ፣ ያለ ጋሼ ብርዱ። «አልመለስም» አለ። ደግ አድርጎ ነው ያለው። ደግነቱ ነው የጎዳኝ። የበዓሉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ለሚጢጢ አንድ ላይ እንነግረዋለን።

ሆድ ባሰኝ። ቀለለኝም። ሁለቱን በምን ቃል አንድ ላይ እንደሚጽፏቸው አላውቅም።

እሑድ፣ 7 ቀን

አራተኛውን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩ። በግራ እጄ፣ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። «ሰላም» የሚለው ላይ እርሳሴ ቆመ። በየትኛው? በእሳቱ ሰ ብጽፈው ሚጢጢ አይለየውም፣ ዳኛዬ ትለየዋለች። በመጨረሻ በእሳቱ ሰ ጻፍኩት። ጋሼ ብርዱ በስተርጅና ትምህርት ቤት ገብቶ ይሆናል።

ሚጢጢ ብቻውን አገኘው፣ ብቻውን ዘለለ፣ እኔ አነበብኩለት። ዳኛዬ እስከ አራት ሰዓት ተኛች።

እሑድ፣ በዓሉ

መጣ፣ በበሩ። ስጦታዎቹ ተከፍተዋል፣ ክፍሉ በመጠቅለያ ወረቀት ተሞልቷል። ሚጢጢ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት፤ «ከመስክ መጣህ! ጋሼ ብርዱ አመጣህ!» እያለ። አባትየው ዓይኑን ወደ እኔ ወረወረ። ብንጀምረው ይሻላል ብዬ ማዕድ ላይ ጀመርኩት። ተለማምጄው ነበር፣ ሁሉም ጠፋብኝ። አባባ መስክ እንዳልነበረ፣ አጎት ቤት እንደሚኖር፣ እዚያው እንደሚኖር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ጋ እንደሚሄዱ ነገርኩት። ዋሽቼህ ነበር፣ ይቅርታ አልኩት። አባትየው ቀጠለ፣ እሱም ተደናገረ፣ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ አለው። ዳኛዬ እጆቿን ከጠረጴዛው ሥር አድርጋ የወንድሟን አፍ ታያለች።

ሚጢጢ አላለቀሰም። ማንኪያውን አስቀመጠ። ብዙ አሰበ። 

«ለጋሼ ብርዱ ማን ይነግረዋል?» አለ።

«ምኑን?» አልኩት።

«አባባ መስክ እንደሌለ። እኔ እኮ አምጣው ብዬዋለሁ። አልችልም ቢለኝም እየፈለገው ነው፣ አውቀዋለሁ። በዚህ ብርድ መስክ ለመስክ ብቻውን እየዞረ ነው። ማን ይነግረዋል?»

ዳኛዬ አፏን ከፈተች። «እኔ» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ አየሁት። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ሰድጄ እጇን ያዝኩት።

«እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ዳኛዬ አፏን ዘጋች። ትንሽ ቆይታ እጇን ከእጄ አውጥታ ዳቦውን አቀብሉኝ አለች።